አባባ ፕሮኮ በአፈሙዙ ውስጥ ያዩት

«እጅሽን» አሉ አባባ ፕሮኮ።

ኡልያ ሁለት መዳፎቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። አያቷ ጎንበስ ብለው አላዩዋቸውም፤ በሻካራ አውራ ጣታቸው አንድ በአንድ ዳበሷቸውና «ይቺ ገና እርጥብ ናት» አሉ። እውነትም የግራ እጇ ትንሿ ጣት ሥሯ አልደረቀም ነበር። ኡልያ ቶሎ ብላ በሹራቧ ጠረገቻት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ይህን ቀን ደግሞ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ስትጠብቀው ኖራለች። በአንዲት እርጥብ ጣት ምክንያት «ሌላ ጊዜ» እንዲባል አልፈለገችም።

ጠረጴዛው ላይ ያረጀ ብርድ ልብስ ተነጥፏል፤ ብርድ ልብሱ ላይ ሲሞኖፉ፣ የአያቷ ጠመንጃ፣ ተጋድሟል።

እዚህ በሰሜን ሩሲያ፣ ፔቾራ ወንዝ ዳር፣ በእኛ መንደር፣ ጠመንጃ የሌለው ቤት ተፈልጎ አይገኝም። የፕሮኮ ሲሞኖፍ ግን ሌላ ነው። ቤት የገባው የኡልያ እናት በተወለደችበት ዓመት ስለሆነ መንደሩ ሁለቱን «እኩዮቹ» ይላቸዋል። እናቷ ፖስታ ቤት ነው የምትሠራው፤ ይህን ቀልድ በሰማች ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል። «ሲሞኖፉ ላይ እኮ እርጅና አይታይም» ስንላት ብቻ ትንሽ ትለዝባለች።

ከፕሮኮ በቀር ፈትቶት የሚያውቅ ሰው የለም። አጎቷ ሚኮል እንኳ፣ ሃያ ክረምት አብሯቸው ጫካ የገባው ሰው፣ የሚፈቀድለት ማንገቻውን ይዞ መሸከም ብቻ ነው። ሚኮል ደግ ነው፣ ይህን ማንም አይክድም። ግን የራሱን የጀልባ ሞተር ፈትቶ ሲገጥም ሁለት ብሎን ቢተርፉት «ፋብሪካው ነው አብዝቶ የሠራው» ብሎ ወንዝ ውስጥ የወረወረ ሰው ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው ሲሞኖፍ አይሰጥም።

ታዲያ ለኡልያ እንዴት ተፈቀደላት? በውል ነው።

ጠመንጃ ያለው ሰው በየአምስት ዓመቱ ወረዳ ከተማ ሄዶ ሐኪሞች ፊት ይቆማል። የፕሮኮ ተራ የፊታችን ሐሙስ ነው። ልባቸው የፈረስ ልብ ነው፣ ጆሯቸው ጎረቤት ሲያንሾካሹክ ይሰማል፣ አእምሯቸውን የሚጠራጠር ካለ ደግሞ አጠገባቸው ተቀምጦ ይሞክራቸው። ዓይናቸው ላይ ግን ከሁለት ዓመት ወዲህ ጭጋግ ወርዷል። እሳቸው «ትንሽ ጭጋግ» ነው የሚሉት። ባለፈው ወር ሻይ ውስጥ ጨው ሲጨምሩ ኡልያ አይታቸዋለች። ስህተታቸውን ላለማመን ብለው ጠጥተው ጨረሱት።

ከሦስት ሳምንት በፊት ነው፣ እንጨት ሲደረድሩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የጠየቋት። «የዓይን ሐኪሟ ግድግዳ ላይ የፊደል ሰሌዳ አለ። ድሮም ያው ነው፣ ዛሬም ያው ነው፣ አይቀይሩትም። አንቺ ፊደሉን አምጪልኝ፣ እኔ እሸመድደዋለሁ። ለእናትሽ ግን ትንፍሽ እንዳትይ።»

«ብትወድቅ ምን ይሆናል፣ አባባ?»

«ሲሞኖፉን ይወስዱታል። ጫካም ቀረ። ጫካ ከቀረ እኔም ቀረሁ ማለት ነው።» አንድ እንጨት ደረደሩና «በነፃ አይደለም» ብለው ጨመሩ። «አንቺ ፊደሉን፣ እኔ ሲሞኖፉን። መፍታትና መግጠሙን አስተምርሻለሁ።»

ኡልያ አላመነታችም። ያው ሰሌዳ ትምህርት ቤት፣ ነርሷ ክፍል ውስጥም አለ። ጓደኛዋ ታይሳ «ሆዴን፣ ሆዴን» እያለች ነርሷ ፊት ስትንከባለል ኡልያ በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ታይሳ ሲወጡ «አሪፍ ተወንኩ አይደል? በናትሽ እውነቱን ንገሪኝ» ብላታለች። በጣም አሪፍ ስለተወነች ነርሷ ሦስት ቀን መራራ ክኒን አዋጠቻት። ኡልያ ፊደሉን ነጭ ወረቀት ላይ ገልብጣ ፎቶውን አጠፋች፤ እናቷ ስልኳን ታያለችና።

ሰሌዳው አሥራ ሁለት ረድፍ አለው፤ ሐኪሟ የምትጠይቀው ግን እስከ አሥረኛው ነው። አባባ ፕሮኮ ስድስቱን አጥንተዋል። እንጨት ሲፈልጡ እንደ ዘፈን ይሉታል፤ ሽ፣ ብ፣ አንድ ምት፤ ም፣ ን፣ ክ፣ ሌላ ምት። የቀሩትን አራት ዛሬ ሲሞኖፉ ከተገጠመ በኋላ ልትነግራቸው ቃል ገብታለች። ወረቀቱ ደብተሯ ውስጥ፣ ደብተሯ መስኮቱ ደፍ ላይ ነው።

«መጀመሪያ ምን እናደርጋለን?» አሉ አያቷ።

«ጥይት አለመኖሩን ማየት።»

«ማየት አይደለም። ማየት የሚሉት ነገር ስንቱን ሰው ጉድ ሠርቷል።» ተመላላሹን ብረት ወደ ኋላ ሳቡትና ትንሿን ጣታቸውን ጥይቱ የሚተኛበት ቀዳዳ ውስጥ ከተቱ። «አሁን አንቺ።» ኡልያም ጣቷን ከተተች። ቀዝቃዛና ቅባት የነካው ነበር፤ ባዶ ነበር።

ከዚያ መፍታቱ ተጀመረ።

ሰደፉ መጨረሻ ላይ ትንሽ የብረት በር አለች፤ በጣት ሲገፏት ትከፈትና ከሰደፉ ሆድ የቆርቆሮ ቱቦ ታስፈነጥራለች። ቱቦው ውስጥ የማጽጃው ዕቃ ሁሉ አለ። ኡልያ ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ጠመንጃ ስታይ በር እንዳለው አታውቅም ነበር። ከአፈሙዙ ሥር የማጽጃው ዘንግ ተመዘዘ። ከኋላ አንዲት ምላስ የመሰለች ብረት ተነሳች፣ ወደ ቀኝ ተሳበች፣ ክዳኑ ወጣ፤ ከክዳኑ ጋር ረጅሙ ሞላ። ተመላላሹ ብረት ወደ ኋላ ተንሸራቶ እጇ ላይ መጣና እዚያው ለሁለት ተከፈለ፤ ትንሹ ክፍል መዝጊያው ነው። የላይኛው ቱቦ ከነእንጨቱ ተነቀለ። እያንዳንዱ ሲወጣ «ጠቅ» ይላል፣ ከዚያ በፊት አይወጣም። አንዱም በጉልበት አልወጣም።

«ስታስቀምጪ ከግራ ወደ ቀኝ፣ እንደ ንባብ» አሉ አያቷ። «ስትገጥሚ ከቀኝ ወደ ግራ። ይኸው ነው ትምህርቱ። ሚኮል ይህን ሰባት ጊዜ ነግሬዋለሁ።»

ኡልያ ብረቶቹን ስትደረድር እያንዳንዱ ላይ ቁጥር ተቀርጾ አየች። ክዳኑ ላይ፣ ተመላላሹ ላይ፣ ካዝናው ላይ። ትንንሽ ቁጥሮች ናቸው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። «አባባ፣ እዚህ ላይ…» ስትል እሳቸው ቀድመው ቁጥሩን ከፊቱ እስከ ኋላው ጠሩት። «ሁሉም አብረው የተወለዱ ናቸው» አሉ። «የሌላ ሲሞኖፍ ብረት ብታመጪለት ይገባ ይሆናል፣ ግን ይነጫነጫል።»

«እሺ ሁለተኛውን ጥይት ማን ነው የሚያጎርሰው? አንተ ተመላላሹን ብረት አንዴ ብቻ ነው ወደ ኋላ የምትስበው።»

አያቷ ይህን ጥያቄ ሲጠብቁት የነበረ መሰሉ። ከጠረጴዛው ላይ ሳያዩ ቀጭኑን ብረት አነሱና አፈሙዙ ላይ ያለችውን ቀዳዳ በጥፍራቸው ነኩላት። የክብሪት ራስ እንኳ በጭንቅ የምታስገባ ቀዳዳ ናት። «ስትተኩሺ ጭሱ ጥይቱን እየገፋ ይሮጣል። እዚህ ሲደርስ ትንሹ ጭስ በዚች ይወጣል። መባከን የነበረበት ጭስ ነው እንግዲህ። ይሄን ብረት ይገፋዋል። ይሄ ያንን ይገፋል። ያ ወደ ኋላ ሄዶ ባዶውን ቀለህ ይጥላል። ሞላው ይታመቃል፣ ይናደዳል፣ መልሶ ይወረውረዋል። ሲመለስ አዲሱን ጥይት ጎርሶ ነው የሚመለሰው። ሁሉም ዓይንሽን ጨፍነሽ ሳትገልጪ።»

ኡልያ ቀዳዳዋን አየች፣ ሞላውን አየች፣ እንደገና ቀዳዳዋን አየች። አንድ ሰው፣ የሆነ ቦታ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይህን አሰበ ማለት ነው። የሚባክነውን ጭስ እንኳ ሥራ አስያዘው። የፊዚክስ አስተማሪያቸው ስለ ጋዝ ግፊት ሁለት ሳምንት ሲያወሩ እሷና ታይሳ በመስኮት ውሻ ሲቆጥሩ ነበር የከረሙት። አሁን ጣቷን ከቀዳዳዋ እስከ ሞላው ድረስ ብረት በብረት አስኬደች። እዚህ ብርድ ልብስ ላይ የተዘረጋው ብረት ሁሉ አንዱ ሌላውን የሚጠብቅ ነበር።

«ስሚ ደግሞ» አሉ አያቷ። መዝጊያውን ብረት ጆሮዋ አጠገብ ነቀነቁት። ውስጡ የሆነ ነገር ቱክ ቱክ አለ። «መርፌው ነው። መርፌው ሲንቀሳቀስ ካልሰማሽ አትግጠሚው። የበጋ ቅባት ውስጡ ቀርቶ ብርዱ ሲመጣ ይረጋል፣ መርፌው ወደ ፊት እንደወጣ ይቀራል፣ ጠመንጃው ሳትነኪው ይተኩሳል። ለዚህ ነው ከበረዶ በፊት ሁሉንም አድርቀን የምንጠርገው። አፈሙዙም እንዲሁ። ኤጎርን አታዪውም?»

ኤጎርን ሁላችንም እናየዋለን። ጎረቤታችን ነው፤ ቀኝ ጉንጩ የተጨማደደ፣ ቀኝ ጆሮው ግማሽ የሆነ። አንድ ቁንጥር በረዶ አፈሙዙ ውስጥ ገብቶ ሳያውቅ ተኮሰ፤ ጥይቱ መውጫ ሲያጣ ብረቱ ፊቱ ላይ ተሰነጠቀ። በሕይወት መትረፉ ተአምር ነው፣ እሱም ያውቀዋል፣ በልደቱ ቀን ሳይሆን በዚያ ቀን ነው ድግስ የሚደግሰው።

«አፈሙዙን አንቺ» አሉ አያቷ፣ ወደ ኋላ ተደግፈው።

ኡልያ የተልባ ቃጫ እየቆነጠረች በዘንጉ ጫፍ ላይ ትጠመጥምና በአፈሙዙ ጫፍ አስገብታ እስከ ታች ትገፋ ጀመር። የመጀመሪያው ጥቁር ሆኖ ወጣ። ሁለተኛው ቡናማ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው እየነጣ መጣ። የቆሸሸውን ወለሉ ላይ ስትጥል ሰርኮ፣ ሽበት የመሰለ ፀጉር ያለው የአባባ ውሻ፣ እየነጠቀ ጠረጴዛው ሥር ይገባል። የቅባቱ ሽታ ያሳብደዋል። «ተው አንተ ሆዳም!» ብላ በእግሯ ገፋችው። የመጨረሻውን ስትገፋ ዘንጉ ትንሽ ከበዳት፤ መልሳ ስትስበው ባዶውን ወጣ። ወደ ወለሉ አየች። ሰርኮ ጠረጴዛው ሥር የሆነ ነገር ሲያላምጥ ነበር። በኋላ በኩል ወድቆለት በልቶታል አለች በልቧ፣ ከዚያ ረሳችው።

«አለቀ፣ አባባ።»

«እስቲ ነጭ ወረቀት ስጪኝ። ከኋላ፣ መዝጊያው በነበረበት ቦታ ሲገባ የመስኮቱን ብርሃን ወደ አፈሙዙ ይረጨዋል።»

በአጠገቧ የነበረው ወረቀት አንድ ብቻ ነው። ከደብተሯ ውስጥ የፊደሉን ወረቀት አውጥታ አጠፈችና አስገባችው። አባባ ፕሮኮ ተነሱ። «አፈሙዝ እንዲህ ወደ ዓይን የሚቀርበው ልቡ ጠረጴዛው ላይ ሲሆን ብቻ ነው» አሉና በመዳፋቸው ብርድ ልብሱን ዳበሱ፣ መዝጊያው እዚያ መሆኑን አረጋገጡ። ከዚያ ሲሞኖፉን ይዘው መስኮቱ ጋ ሄዱና ጫፉን ቀኝ ዓይናቸው ላይ አደረጉ።

ብዙ ቆዩ። ውጪ የጥቅምት ፀሐይ ዝቅ ብላ ወንዙ ዳር የተጋገረውን ስስ በረዶ ታበራለች። የአያቷ ፊት ቀስ እያለ ፈታ አለ፣ ልጅነት የመሰለ ነገር መጣበት።

«ወይ ግሩም» አሉ በለሆሳስ። «እንደ አዲስ ነው ያደረግሽው። ቀለበቱ ይዞራል… ይዞራል… ድንጋይ ውኃ ላይ ስትጥዪ እንደሚሠራው፣ ግን አያልቅም፣ እየጠበበ እስከ ታች ይሄዳል። ከታች ብርሃኑ ሙሉ ጨረቃ ነው። ወደ መጨረሻው ላይ በግራ በኩል አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች፣ ትንኝ የምታህል። እናትሽ ስድስት ዓመቷ ሳለ ጀልባ ተገልብጦብኝ ከሲሞኖፉ ጋር ወንዝ ገብቼ፣ ሁለት ቀን ሳላደርቀው ቀርቼ ያተረፍኩት ዝገት ነው። ያቺ ብቻ ናት ጉድለቱ። ሌላው ብርሃን ነው።»

ኡልያ እንዲህ ሲናገሩ ሰምታቸው አታውቅም። አያቷ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው፣ በሠርግ እንኳ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃቸዋል። «እኔም ልየው» አለች፣ ድምፅዋ ቀጠነ። ሲሞኖፉን ተቀበለች፣ ከበዳት፣ ክንዷን መስኮቱ ደፍ ላይ አስደገፈች፣ ጫፉን ዓይኗ ላይ አደረገች።

ጨለማ ነበር።

አያያዜ ነው አለች። ትንሽ ወደ ግራ አዞረችው፣ ወደ ቀኝ አዞረችው። ጨለማ። ወረቀቱን አየች፣ በቦታው አለ፣ ብርሃን ወርዶበት ነጭ ሆኖ። እንደገና ዓይኗን አስጠጋች። ቀለበት የለም፣ ጨረቃ የለም፣ ትንኝ የለችም። እንደተዘጋ በር ጥቁር ነው።

ቃጫው ነው። ሰርኮ አልበላውም። መሀል ላይ ቀርቷል።

መጀመሪያ የመጣባት ድንጋጤ በራሷ ስህተት ነበር። ኤጎር ታያት፣ ጉንጩ፣ ግማሽ ጆሮው። ሁለተኛው ትንሽ ዘግይቶ መጣ፤ አባባ ፕሮኮ ያንን ሁሉ፣ ቀለበቱን፣ ጨረቃውን፣ ትንኟን፣ የተደፈነ አፈሙዝ ውስጥ ነው ያዩት።

«አየሻት?» አሉ አያቷ ከኋላዋ። «ትንኟን አየሻት?»

«አየኋት» ማለት እንዴት ቀላል ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ሻይ ሲቀዱ ጠብቃ በዘንጉ ገፋ ብታደርገው ቃጫው ይወድቃል፣ ማንም አያውቅም፣ የቀሩትን አራት ረድፎች ትነግራቸዋለች፣ ሐሙስ እየዘፈኑ ያልፋሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ከሚኮል ጋር ጫካ ይገባሉ። ጫካ ውስጥ ጎጆ አለ፤ እዚያ ሲሞኖፉን የሚጠርጉት ብቻቸውን ናቸው። በምድጃው ብርሃን አንስተው ያዩታል። እንደ አዲስ ነው ይላሉ።

ኡልያ ወደ ጠረጴዛው ተመልሳ ዘንጉን አነሳችና አስገባችው። ግማሽ መንገድ ላይ ያዘው። ገፋችው። ቃጫው ድምፅ ሳያሰማ ብርድ ልብሱ ላይ ወደቀ።

አባባ ፕሮኮ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ቃጫው ባይሰማም ዘንጉ ተሰምቷል፤ መያዝና መልቀቁን ከዚያ ጆሮ መደበቅ አይቻልም። «ምንድነው የገፋሽው?»

ኡልያ ቃጫውን አንስታ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችው።

ጣቶቻቸው ተከደኑበት፣ ፈተጉት፣ ጠመዘዙት። እነዚያ ጣቶች እርጥብ ትንሽ ጣት ያወቁ፣ ቁጥሩን ሳያዩ ያነበቡ ጣቶች ናቸው፤ ይህንንም አነበቡት። ኡልያ ፊታቸውን ላለማየት ወደ ሰርኮ አየች።

«ከየት ወጣ?»

«ከመሀል።»

«መቼ?»

«አንተ ስታይ እዚያው ነበር፣ አባባ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ዘንጉ ባዶውን ሲወጣ ውሻው በልቶታል ብዬ ነው።»

«ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ…» ብለው ጀመሩና ተዉት። ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። ጆሯቸው እስከ ጫፉ ቀላ። ኡልያ አያቷን ተናደው አይታቸዋለች፣ አዝነው አይታቸዋለች፣ አፍረው ግን አይታቸው አታውቅም። የራሷ እፍረት ከዚያ አጠገብ ምንም አልነበረም።

ምን እንደምታደርግ ስላላወቀች ሲሞኖፉን እንደገና አነሳች። መስኮቱ ጋ ሄደች፣ ክንዷን ደፉ ላይ አስደገፈች፣ አየች።

ቀለበቶቹ ነበሩ። ድንጋይ ውኃ ላይ ሲጣል እንደሚሠራው፣ ግን የማያልቁ፣ እየጠበቡ እስከ ታች የሚሄዱ። ከታች ሙሉ ጨረቃ። ወደ መጨረሻው፣ በግራ በኩል፣ ጥቁር ነጥብ። ትንኝ ታህላለች። አያቷ አንዲት ቃል አልተሳሳቱም ነበር። የተደፈነ አፈሙዝ ይዘው ከጭንቅላታቸው ያነበቡት ይህንኑ ነው፣ ቀለበት በቀለበት።

«አባባ» አለች፣ ዓይኗን ሳታነሳ። «ትንኟ አለች። ልክ ባልከው ቦታ።»

«የት ትሄዳለች» አሉ አያቷ ቀስ ብለው። «ሠላሳ አምስት ዓመት አውቃታለሁ።»

ኡልያ ገጠመችው። ከቀኝ ወደ ግራ፣ አንድ በአንድ። አያቷ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዳምጡ ነበር እንጂ አልነኩም። የላይኛው ቱቦ «ጠቅ» ሲል ራሳቸውን ነቀነቁ። መዝጊያውን ጆሯቸው ጋ ወስዳ ነቀነቀችላቸው፣ ቱክ ቱክ፣ እሱንም ነቀነቁ። ሞላው ሲታመቅ ክዳኑ ከእጇ ሊያፈተልክ ነበር፤ «በአውራ ጣትሽ፣ በሆድሽ ደግፊው» አሉ፣ ገባ። ብርድ ልብሱ ላይ ምንም አልተረፈም። ሚኮል ይህን ቢያይ ሳይገረም አይቀርም ነበር።

ሻይ ቀዳች፣ ጨውና ስኳሩን ራሷ ለየች። የዓሣ ዳቦ ቆርሳ ከፊታቸው አስቀመጠች። አባባ ፕሮኮ አልበሉም።

«የቀሩት አራት ረድፎች» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ቃሌን ጠብቄያለሁ።»

ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ አንድ ጥጉ ቅባት ጠጥቶ ወርዝቷል። ኡልያ አነሳችው። ፊደሎቹን ሳታይ ታውቃቸዋለች፤ እሷም አብራ ነው የሸመደደችው።

«አልነግርህም፣ አባባ።»

«ቃል ገብተሻል እኮ።»

«ገብቻለሁ።»

«ሲሞኖፉን ይወስዱታል ነው የምልሽ።»

«በአጎቴ ሚኮል ስም ይዛወራል። እሱ ፈቃድ አለው።»

«ሚኮል?» አያቷ ከወንበራቸው ተነሱ ማለት ይቻላል። «ሁለት ብሎን ወንዝ የወረወረው ሚኮል?»

«እኔ እፈታለታለሁ፣ እኔ እገጥምለታለሁ። አንተ አጠገቤ ሆነህ ትሰማለህ።» ሻዩን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገችላቸው። «ዓይንህን ደግሞ ትታከማለህ። የታይሳ አያት ከተማ ሄዳ ጭጋጉን አውጥተውላታል፣ አሁን መርፌ ውስጥ ክር ታስገባለች። ታይሳ «በጣም ማየት ጀመረች፣ አልጋ ሥር ያለውን አቧራ ሁሉ ለእናቴ ታሳያታለች፣ ቤታችን ሲኦል ሆነ» ትላለች።»

አባባ ፕሮኮ ሊስቁ ሲሉ ከንፈራቸው ያዛቸው። «ዓይኔ ውስጥ ቢላ ሲገባ ነው እኮ፣ ኡልያ።» እንዲህ ሲሉ ከባድ ሰውነታቸው ትንሽ ሆኖ ታያት። በስተርጅና ድብ ሲያዩ ያልሸሹ ሰው ናቸው፤ እየፈሩ እንደሆነ የገባት ያኔ ነው።

«አብሬህ እሄዳለሁ» አለች። «ሐሙስም፣ ያን ቀንም።»

ሰርኮ ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ አገጩን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠ። ኡልያ ወረቀቱን ለሁለት አጠፈችው፣ ለአራት አጠፈችው፣ ቃጫውና የቅባቱ ጠርሙስ ካሉበት የሸራ ከረጢት ውስጥ ከተተችው። ለአፈሙዝ ማያ ጥሩ ወረቀት ነው። የከረጢቱን ክር አሰረችው።

«አውቶቡሱ በስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?» አሉ አባባ ፕሮኮ፣ የሰርኮን ጭንቅላት እየዳበሱ።

«አንድ ሰዓት ላይ። ወንዙን ለመሻገር አሥራ ሁለት ሰዓት ጀልባ ላይ መሆን አለብን።»

«ስድስቱን ረድፍ ምን ላድርገው? ከጭንቅላቴ አይወጣም።»

«ሐኪሟን ሌላ ሰሌዳ አሳዪኝ በላት። ከጎኑ በፊደል ፈንታ ቀለበት ያለበት ሌላ ሰሌዳ አለ፣ እሱን አላጠናህም።»

አያቷ ይህን አሰቡበት። ወረቀቱ የት እንደገባ አልጠየቁም፤ የክሩን ድምፅ ሰምተዋል። የቀዘቀዘውን ሻይ በአንድ ትንፋሽ ጨለጡና ሲሞኖፉን በሁለት እጃቸው አንስተው ብርድ ልብሱ ላይ፣ ከፊቷ አጋደሙት።

«እንደገና ፍቺው» አሉ። «አሁን ዓይንሽን ጨፍነሽ።»

ኡልያ ጨፈነች። መጀመሪያ ትንሿን ጣቷን ጥይቱ የሚተኛበት ቀዳዳ ውስጥ ከተተች። ባዶ ነበር። ከዚያ በጨለማው ውስጥ ያቺን ምላስ የመሰለች ብረት መፈለግ ጀመረች፣ አያቷም ቸኩለው አልነገሯትም።